የስዊፍትን ብር ፍለጋ፦ ወደ ኬንታኪ ገደሎች ለሚወጣ መንገደኛ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ታሪክ የሚነሣው ከሰፈራችሁ ነው። ጆናታን ስዊፍት የሚባል ሰው ከዚህች የወደብ ከተማ ተነሥቶ፣ ጭነት ፈረሶቹን እየነዳ የአፓላቺያን ተራሮችን ተሻግሮ፣ ዛሬ ምሥራቅ ኬንታኪ በምንለው ጫካ ውስጥ ከ1760 እስከ 1769 ብር ያወጣ ነበር ይባላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማዕድኑን ያሳየው መንዲ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እዚያው አቅልጠው፣ እዚያው ሳንቲም ይቀርጹ ነበር። በመጨረሻው ጉዞ የአገሬው ተወላጆች ሲያሳድዷቸው የዋሻውን አፍ በድንጋይ ዘግተው፣ መሸከም ያቃታቸውን ብር በየቦታው ቀብረው ወጡ። ስዊፍት ወደ እንግሊዝ ሄዶ ታሰረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ ዓይኑ ፈዞ ስለነበር ያንን ዋሻ ዳግመኛ ሊያገኘው አልቻለም።

አፈ ታሪኩ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ200 በላይ ዓመታት ፈላጊ ጠፍቶ አያውቅም። በዎልፍ ካውንቲ ያለችው ትንሿ ካምፕተን ከተማ እስከ ዛሬ በሌበር ደይ ሰሞን በስዊፍት የብር ማዕድን ስም ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ከካምፕተን አጠገብ የሚወርደው ጅረት ስሙ ስዊፍት ካምፕ ክሪክ ነው፤ ሲልቨርማይን የሚባል የድንጋይ ቅስትም አለ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ብሩ እዚያ አለ ብዬ አላምንም። ፍለጋው ግን በአግባቡ ከተያዘ በምሥራቅ አሜሪካ ካሉት የእግር ጉዞዎች ሁሉ የላቀ ምክንያት ይሰጣችኋል፤ ሰነድ ያስነብባችኋል፣ ድንጋይ ያስመረምራችኋል፣ ሌላ ጊዜ ዝም ብላችሁ የምታልፉትን ገደል ቆም ብላችሁ እንድታዩት ያደርጋችኋል። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ወደ 8 ሰዓት ያስነዳል። ልጆቻችሁ ለዐቅመ ጉዞ ከደረሱ ይዛችኋቸው ውጡ።

መጀመሪያ ወረቀቱን መርምሩ

ከመንዳታችሁ በፊት አንድ ሁለት ምሽት ለንባብ ስጡ። «የስዊፍት ማስታወሻ» እየተባለ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ቅጂው ብዙ ነው፣ አንዱ ከሌላው ይጋጫል፣ በስዊፍት እጅ የተጻፈው ዋናው ግን ታይቶ አይታወቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንዷን ቅጂ ብቻ ይዞ ዕድሜውን ጫካ ውስጥ የጨረሰ ሰው በዚያ አገር ብርቅ አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ገጽ ወረቀት በሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ማስታወሻዎቹ የሚጠቅሷቸውን ምልክቶች ጻፉ፦ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ገደል፣ ኤሊ የሚመስል ድንጋይ፣ የሣር ክምር የሚመስል ድንጋይ፣ ሁለት ጅረት የሚገናኝበት ቦታ፣ ዐለት ላይ የተቀረጸ የተርኪ ዶሮ እግር። በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህ ምልክት ስንት ቦታ ሊገኝ ይችላል? ውሃና ውርጭ የአሸዋ ድንጋይ ሲቦረቡሩ ኖረው የማይሠሩት ቅርጽ የለም። ግማሽ ጨረቃ በየሸለቆው አለ፣ ኤሊም እንዲሁ። ዛሬ ፈላጊው በሚበዛበት በሬድ ሪቨር ጎርጅ ሸለቆ ውስጥ «የሣር ክምር» የሚባል ዐለት እውነትም አለ፤ ስሙን ያወጡለት ግን ኋላ የመጡ ሰዎች ስለሆኑ ለማስታወሻው ምስክር ሊሆን አይችልም። የተርኪውን እግር በተመለከተ ደግሞ፣ የወፍ ኮቴ የሚመስል ቅርጽ በምሥራቅ ኬንታኪ ዐለቶች ላይ በአገሬው ተወላጆች እጅ በብዛት የተቀረጸ ነው። ስዊፍት ሳይወለድ የነበረ የሌላ ሕዝብ ጽሑፍ ነው ማለት ነው። ይህን ሠንጠረዥ ሳይሠሩ የሚሄዱ ሰዎች በየዐለቱ ሥር «አገኘሁት» ማለታቸው አይቀርም።

ሊታመን የሚችል ቀን ያለው ጥንታዊ ሰነድ የሚገኘው ከመሬት መዝገብ ነው። ጆን ፊልሰን በ1784 ስለ ኬንታኪ መጽሐፍ አሳትሞ የአቅኚውን የዳንኤል ቡንን ስም ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ይኸው ፊልሰን በግንቦት 1788 ከሮበርት ብሬኪንሪጅ ጋር ሆኖ 1,000 ኤከር መሬት አስመዘገበ። በማመልከቻው፣ መሬቱ ከ17 ዓመት ገደማ በፊት ስዊፍት የሚባል ሰው የሠራበትን የብር ማዕድን እንዲያካትት ጠየቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ፊልሰን ዛሬ ኦሃዮ በሚባለው ጫካ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። አፈ ታሪኩን ካበረቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ሳይናገር ሲጠፋ የሚያውቀው ነገር በሰው ዘንድ ይገዝፋል።

አሁን ማስመሪያ አምጡ። ፊልሰን ቦታውን የገለጸው በፓወል ሸለቆ ከሚገኙት የማርቲን ጎጆዎች ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከ60 እስከ 70 ማይል ብሎ ነው። የማርቲን ጎጆዎች ዛሬ ሮዝ ሂል ከምትባለው የቨርጂኒያ መንደር አጠገብ ነበሩ። ካርታ ላይ ሮዝ ሂልን መነሻ አድርጋችሁ 65 ማይል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትለኩ የምትደርሱት ፓይክ ካውንቲ አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ የሚጎርፍበት ሬድ ሪቨር ጎርጅ ደግሞ ከዚያው መንደር ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ 80 ማይል ያህል ይርቃል። ጥንታዊው ሰነድ ወደ አንድ ወገን፣ ሕዝቡ ወደ ሌላ ወገን ይጠቁማሉ። ዓመቱንም አስሉት፤ ከ1788 ላይ 17 ሲቀነስ 1771 ይመጣል፣ ማስታወሻዎቹ ግን ማዕድኑ በ1769 ተዘጋ ይላሉ። ሁለት ዓመት «ገደማ» በሚለው ቃል ሊሸፈን ይችላል፤ የአቅጣጫው ልዩነት ግን አይሸፈንም።

ጆ ኒኬል የተባለው የኬንታኪ ተወላጅ ተመራማሪ በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ ማስታወሻዎቹ የፍሪሜሶን ማኅበር በሚጠቀምባቸው ምሳሌያዊ ምልክቶች የተሞሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ታሪኩ ከመነሻው የተፈጠረ ነው የሚል ድምዳሜ ላይም ደርሷል። ይህን ካነበባችሁ በኋላ ማስታወሻውን ድጋሚ አንብቡት። ኮምፓስና የተቀበረ ሀብት የሚፈራረቁበት መንገድ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከዚያ ድንጋዩን

ብር እንዲያው በየተራራው የሚበቅል ማዕድን አይደለም። ከምድር ጥልቅ የሚወጣ ትኩስ ውሃ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ የተሸከመውን ማዕድን ጥሎ ይሄዳል፤ ብር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ መንገድ፣ ከእርሳስና ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ነው። የሬድ ሪቨር ገደሎች አሠራራቸው ሌላ ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበሩ ወንዞችና ረግረጎች የተጠራቀመ አሸዋ፣ ጭቃና የዕፅዋት ቅሪት ጠጥሮ የአሸዋ ድንጋይ፣ ሼልና የድንጋይ ከሰል ሆነ። በእንዲህ ያለ ቦታ ከሰል ቢፈለግ ይገኛል። የኬንታኪ ጂኦሎጂስቶችም በአካባቢው ሊቆፈር የሚችል የብር ክምችት የለም ሲሉ ኖረዋል።

ይህን ነገር ከቆሻሻው አንጻርም ተመልከቱት። የብር ማዕድን የሚያቀልጥ ሰው እንጨት ይጨፈጭፋል፣ ምድጃ ይሠራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የብረት አር የምንለውን ዓይነት ዝቃጭ ክምር ጥሎ ይሄዳል። ዐሥር ዓመት የተሠራበት ማዕድን ዝቃጩ ለዘመናት አይጠፋም፤ ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ ስለሆነ አይበሰብስም። በአካባቢው ዝቃጭ በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን የብረት ማቅለጫዎች ትርፍ ነው። በባት ካውንቲ ቡርበን አይረን ወርክስ የተባለው የብረት ፋብሪካ በ1791 ሥራ ጀምሯል፤ ክሊር ክሪክ እና ኮቴጅ የተባሉት ማቅለጫዎች የድንጋይ ግንባቸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። እንግዲህ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ አረፋ የመሰለ ቀዳዳ የሞላበት ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ ካያችሁ፣ ልታስቡ የሚገባው ስለ ብረት ነው።

ታዲያ ስዊፍት የሚባል ሰው እውነት ከነበረና ብር ይዞ ከታየ፣ ብሩን ከየት አመጣው? ከባሕር የተዘረፈ የስፔን ገንዘብ ያቀልጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪ ስለነበር ማዕድን አገኘሁ የሚል ወሬ ለመሸፈኛ ፈለገ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ግምት ናቸው። ከድንጋዩ ጋር የማይጣሉት ግን እነርሱ ብቻ ናቸው።

ሕጉን ሳታውቁ ወደ ደኑ አትግቡ

ገደሎቹ ያሉት በዳንኤል ቡን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ደኑ ግን በግል ይዞታ የተቆራረጠ ስለሆነ ሳታውቁት የሰው መሬት ልትረግጡ ትችላላችሁ። የግል መሬት ላይ ለመፈለግ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፤ የቃል ፈቃድ በኋላ ያጨቃጭቃል።

በደኑ መሬት ላይ የተቀበረ ሀብት ለመፈለግ ከደን አገልግሎቱ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህ የከበደው ደግሞ በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ነው። ዕድሜው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የሰው እጅ ሥራ ከፌዴራል መሬት ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ ማንሣትም ሆነ መጉዳት ወንጀል ነው። የመጀመሪያ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር ያስቀጣል። የቅርሱ ዋጋና የማደሻው ወጪ ከ500 ዶላር ካለፈ ቅጣቱ እስከ 20,000 ዶላርና እስከ ሁለት ዓመት ይደርሳል። አስቡት፤ የስዊፍት ብር ቢገኝ እንኳ ከ250 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ኪሳችሁ በገባ ደቂቃ ወንጀል ይሆናል።

የአሜሪካ ዜግነት ሳታገኙ በግሪን ካርድ ወይም በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ያላችሁ ወገኖች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የፌዴራል ክስ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ለእናንተ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ አካፋ፣ መቆፈሪያና ሜታል ዲቴክተር ቤት ይቅሩ። የቀረው ሁሉ፣ ማለትም መራመድ፣ ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና መጻፍ፣ ነጻ ነው።

ወቅትና ስንቅ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ውጡ። ቅጠሉ ሲረግፍ ገደሉ ይገለጣል፤ በበጋቸው የሮዶደንድሮን ቁጥቋጦ ዐሥር እርምጃ ፊት ያለውን ዐለት ይጋርዳል። መዥገሩም እባቡም በብርዱ ይቀንሳል። ኮፐርሄድ እና ቲምበር ራትልስኔክ የሚባሉ መርዛማ እባቦች የዚያ አገር ነዋሪዎች ስለሆኑ፣ በየትኛውም ወቅት እጃችሁን ወደማታዩት ስንጥቅ አታስገቡ።

ለስንቅ የእኛን የመንገድ ምግብ የሚያህል የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ እሳት አይፈልጉም። ጭኮው ግን ቅቤ ስላለው ይሸታል፤ በደኑ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። አዳሪ ከሆናችሁ ምግባችሁን ሁሉ ድብ በማይከፍተው ዕቃ አስቀምጡ፤ ወይም ከመሬት 10 ጫማ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግንዱ 4 ጫማ አርቃችሁ ስቀሉ። ደንቡ ይህ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (በአሜሪካኖቹ ከ10 እስከ 6) በጎርጁ ውስጥ ለማደር የአዳር ፈቃድ ያስፈልጋል። ድንኳንም ሆነ እሳት ከገደል ሥርና ከዋሻ ውስጠኛ ግድግዳ ቢያንስ 100 ጫማ (30 ሜትር) መራቅ አለበት። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የታተመ የከፍታ መስመር ካርታ፣ ኮምፓስ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ በቂ ውሃ። ስልክ ሸለቆው ውስጥ አይሠራም ብላችሁ ተነሡ። የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ለቀረ ሰው በጽሑፍ ስጡ፤ ያ ሰው ሰዓቱ ካለፈ 911 እንዲደውል ተስማሙ።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። በዚህ ስፍራ ከገደል ወድቆ መሞት በየጊዜው የሚሰማ ዜና ነው። የገደሉ አፍ ላይ አሸዋና የጥድ ቅጠል ስለሚከማች እግር ያንሸራትታል፤ አጥርም የለም። ከመሸ በኋላ አትንቀሳቀሱ፤ መጠጥ አፍ ካደረጋችሁ ከድንኳን አትውጡ፤ የልጅ እጅ አትልቀቁ።

የት ትሄዳላችሁ

ለመጀመሪያ ቀን የምመርጠው ሮክ ብሪጅ የሚባለውን አጭር ዙር ነው። ከመንገድ ቁጥር 715 በጠጠር መንገድ ተገብቶ ይደረሳል፤ ርዝመቱ ወደ 1.4 ማይል ቢሆን ነው። እዚያ ስዊፍት ካምፕ ክሪክ ራሱ በድንጋይ ቅስቱ ሥር ያልፋል። በጎርጁ ውስጥ ከ100 በላይ የተፈጥሮ ቅስቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የቆሙት ከፍ ብሎ ሸንተረር ላይ ነው። ጅረት ላይ የተዘረጋ እንደዚህ ያለ ቅስት ብርቅ ነው። ሄምሎክ ዛፎቹ ሥር ተቀመጡና ማስታወሻውን አውጥታችሁ አንብቡ፤ ፈረስ በዚህ ሸለቆ ብር ተጭኖ ሊወጣ ይችል እንደሆነ በዓይናችሁ መዝኑ። እኔ ይህን ስመዝን የታሪኩ «ጭነት ፈረሶች» በጣም ይከብዱኛል።

ጉልበት ያላችሁ ከዚያው ዙር ላይ የሚነሣውን የስዊፍት ካምፕ ክሪክ መንገድ ቁጥር 219 ተከተሉ። 7 ማይል (11 ኪሎ ሜትር) ያህል ጅረቱን ይዞ በክሊፍቲ ዊልደርነስ ውስጥ አልፎ መንገድ 715 ላይ ይወጣል። ክሊፍቲ በ1985 በሕግ የተከለለ ወደ 12,600 ኤከር የሚጠጋ ጥብቅ ደን ነው። ሁለት መኪና ካላችሁ አንዱን መውጫው ላይ አቁሙ፤ ከሌላችሁ ግማሽ ሄዳችሁ ተመለሱ። ዝናብ ከጣለ አትግቡ፤ ጅረቶቹ ቶሎ ይሞላሉ።

ሲልቨርማይን ቅስት በኩመር ሪጅ የካምፕ ሥፍራ በኩል ይደረሳል። የስሙን ጉጉት ለማርካት ይበቃል፤ ማዕድን ግን የለም። አካባቢውን ከላይ ለማየት ኦክሲየር ሪጅ ላይ ውጡ፤ ኮርትሃውስ ሮክ የሚባለው ዐለት ከፊት ለፊታችሁ ይቆማል፣ የሣር ክምሩም በዚያው ሰፈር ነው። በጎርጁ ስትነዱ ናዳ ዋሻን ልታልፉ ትችላላችሁ፤ ለእንጨት ማጓጓዣ ባቡር በ1911 የተጠናቀቀ 900 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ አንድ መስመር ዋሻ ነው። የመኪና መብራት አብሩ፤ ከወዲያ የሚመጣ ካለ አሳልፉ።

የሚያብረቀርቅ ነገር ስታዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንለማመድ። ብር 250 ዓመት ሜዳ ላይ ቢቆይ አያብረቀርቅም። አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር እየተዋሐደ ይጠቁራል። የእናታችሁ የብር ጌጥ ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጫካ ውስጥ አንድ ነገር ከሩቅ ካብለጨለጨ ብር የመሆን ዕድሉ የዚያን ያህል ያንሳል።

ዓይንን በብዛት የሚያታልለው ሚካ ነው፤ ስስ ገጽ ገጹን የሚላጥ፣ ቀላል፣ በፀሐይ የሚብለጨለጭ ማዕድን። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ለዚህ ሩቅ አትሂዱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ስሟን ያገኘችው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር በ1840 ካገኘው ምንጭ ነው፤ በውሃው ውስጥ እንደ ብር ያበራ የነበረውም ሚካ ነበር። ብሌርም ቀድሞ የኬንታኪ ሰው ነበር። ጥፍራችሁ ከላጠው ሚካ ነው። ወርቃማ ሆኖ ጥርብ ማዕዘን ካለው፣ ሸካራ ሸክላ ላይ ሲፋቅም ጥቁር አረንጓዴ መስመር ከተወ ፓይራይት ነው። ግራጫና ከባድ ሆኖ ሲሰበር ወደ ትናንሽ ኪዩብ የሚከፋፈል ከሆነ ጋሌና፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን ነው። ብር አይሰበርም፤ ሲመታ ይለጠጣል።

ሁሉንም የሚለየው ግን ክብደት ነው። ከጉዞው በፊት ቤታችሁ በጠገራ ብር ተለማመዱ። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ትንሽ ሚዛን ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ የብርጭቆውን ጎንና ወለል ሳይነካ ውሃው ውስጥ አስገቡት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ያነባል። የጠገራውን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ፤ 10.2 ይመጣል። ንጹሕ ብር 10.5 ነው፣ ጋሌና 7.5፣ ፓይራይት 5፣ ሚካ 3 እንኳ አይሞላም። በነገራችን ላይ ገበያ ላይ ያለውን ሐሰተኛ ጠገራ ለመለየትም ይኸው መላ ይሠራል። ልጆች ይህን አንድ ጊዜ በእጃቸው ከሠሩት ጫካ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያዩ ጥያቄ ይጠይቃሉ እንጂ አይጮኹም።

ደረቁ አፈር

ከገደል ሥር እንደ በረንዳ የገቡ ሰፋፊ ክፍት ዋሻዎችን ታገኛላችሁ። ፈላጊ ሁሉ የሚያመራው ወደ እነርሱ ነው፤ ብዙ የተበላሸውም እዚያ ነው። የዋሻው ወለል ዱቄት የመሰለ ደረቅ አፈር ነው፤ ዝናብ ለሺህ ዓመታት አልነካውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ በወራት የሚበሰብሰው ዘር፣ ገመድና ቅርጫት እዚህ ይቆያል። አርኪዮሎጂስቶች በአካባቢው ካሉ ዋሻዎች፣ ከእነዚህም ኒውት ካሽ እና ክላውድስፕሊተር ከሚባሉት፣ የሱፍና ሌሎች ከአውሬነት ወደ አዝመራ የተለወጡ ዕፅዋት ዘሮችን አግኝተዋል። የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሕዝቦች ከ3,000 ዓመት በፊት በራሳቸው ብልሃት እህል እያላመዱ እንደነበር ዓለም የተረዳው በእነዚህ ዘሮች ጭምር ነው። ጤፍን ያላመደ ሕዝብ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አይፈልግም።

አንድ አካፋ የአፈሩን ንብርብር ሲያገለብጠው የ3,000 ዓመቱ ዘር ከትናንቱ ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ብር ፈላጊዎች ይህን ጉዳት ለትውልዶች ሲያደርሱ ኖረዋል፤ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። እሳት ከዋሻ 100 ጫማ ይራቅ የተባለውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዋሻ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የባሩድ ጨው ያወጡ የነበሩ ሰዎች ቅሪትም ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ አፈሩን በውሃ እያጠሩ ለባሩድ የሚሆነውን ናይትሬት የሚለቅሙበት የእንጨት ገንዳና የተቆፈረ ወለል ይሆናል። «የስዊፍት ሥራ» ተብሎ ከተወራው ውስጥ ከፊሉ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወለሉ ላይ ቅጠሏ ነጭ ጸጉር ያላት ቢጫ አበባ ካያችሁ ደግሞ እግራችሁን ሰብስቡ። ይህች ጎልደንሮድ በዓለም ላይ ከሬድ ሪቨር ጎርጅ በቀር የትም አትበቅልም። በ1988 የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ዕፅዋት ዝርዝር ውስጥ ገብታ ነበር፤ ሰዎች ዋሻዋን መርገጥ ሲቀንሱ አገግማ በ2016 ከዝርዝሩ ወጣች።

አንድ ነገር ካገኛችሁ

ሳንቲም፣ የተቀረጸ ዐለት፣ የቀስት ጫፍ፣ የአሮጌ ምድጃ ፍራሽ ሊሆን ይችላል። አትንኩት፣ አታጽዱት፣ ድንጋይ አንሥታችሁ ሥሩን አትዩ። ቁልፍ ወይም እስክሪብቶ ለመጠን ማነጻጸሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሡ። የጂፒኤስ ቁጥሩን ጻፉ። ዐለት ላይ ያለ ቅርጽ ከሆነ በኖራ ወይም በከሰል አታድምቁት፤ ጎን ለጎን የባትሪ ብርሃን ጣል ብታደርጉበት ቅርጹ ራሱ ይወጣል። ቦታውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፤ በነጋታው አካፋ የያዘ ሰው ይደርሳል። ከዚያ መንገድ 715 ላይ ወዳለው ግላዲ የጎብኚዎች ማዕከል ሂዱና ለሬንጀሮቹ አሳዩ። ማዕከሉ ዓመቱን ሙሉ ስለማይከፈት ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ዝግ ከሆነ ለደኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደውሉ።

የምትሞሉት ፎርም ሊኖር ይችላል፣ ስማችሁም በመዝገብ ይገባ ይሆናል። ብሩን ይዞ የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ አንድ የወፍ ኮቴ ቅርጽ በጊዜው አሳውቃችሁ ከመጥፋት ብታድኑ ግን ከስዊፍት ፈላጊዎች ሁሉ የበለጠ ሠርታችኋል። ጥቅምት ሲደርስ በሶአችሁን ቋጥሩ፣ አካፋውን ቤት ተዉት፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።